ደረጃቸው ሳይለወጥ ራሳቸው ለተለወጡ ልጆች ካርድ ላይ ምን ትጽፋላችሁ?

ስም ጠሪዋ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። እዚሁ አዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤት የ7ኛ ክፍል ስም ጠሪ ነኝ፣ የማስተምረው እንግሊዝኛ ነው፣ ክፍሌ ውስጥ 62 ልጆች አሉ። ሰሞኑን የአንደኛ ሴሚስተር ሮስተር ጨርሼ ካርድ እየሞላሁ ነው እና የስም ጠሪ አስተያየት የምትባለዋ መስመር ላይ ስደርስ እጄ ይቆማል። ከ1 እስከ 10 ለወጣ «በጣም ጥሩ፣ በዚሁ ቀጥል»፣ ለመሀለኛው «በርታ»፣ ዝቅ ላለው «ጠንክረህ አጥና»። ሁላችንም የምንጽፈው እነዚህን ሦስቱን ነው፣ ከዓመት ዓመት።

የኔ ጭንቀት ሦስቱም የማይገልጿቸው ልጆች ናቸው። አንዷን ልንገራችሁ። መስከረም ላይ ስሟን ስጠራ «አቤት» ስትል ድምፅዋ አይሰማም፣ አጠገቧ የምትቀመጠው ልጅ ናት «አለች ቲቸር» የምትለኝ። ደብተሯ ውስጥ ከሰሌዳ የገለበጠችው ብቻ ነው ያለው፣ የራስሽን ዓረፍተ ነገር ጻፊ ስትባል ባዶ ትተወዋለች። አሁን ጥር ላይ ደብተር ስሰበስብ ስለ እናቷ ሥራ ስድስት መስመር ጽፋ አገኘሁ። ስፔሊንጉ ግማሹ ስህተት ነው፣ ግራመሩም ያው ነው፣ ግን «ቢኮዝ» ብላ ምክንያት አስገብታለች፣ ሦስተኛው መስመር ላይ ደግሞ አንድ ቃል ሰርዛ ከላይ በትንንሽ ፊደል ትክክለኛውን ጽፋለች። ማንም አላዘዛትም፣ ራሷ ነች አንብባ ያረመችው።

አማካይዋ 54 ነው፣ ደረጃዋ ከ62 ልጅ 41ኛ። የዓምናው ካርዷ ላይ 40ኛ ነው የሚለው። እናትየዋ ይሄን ሲያዩ ልጄ ባለችበት ቀረች ነው የሚሉት፣ እኔ ደግሞ ልጅቷ ሌላ ልጅ እንደሆነች በዓይኔ አይቻለሁ። እንደሷ ዓይነት ምን ያህል ሳላይ ያለፍኳቸው እንዳሉ ሳስብ እንቅልፍ አይወስደኝም። እናንተ ምን ትጽፋላችሁ? በዚህ ሁሉ ልጅ መሀልስ እንዴት ነው የምታስተውሉት?

ቾክና ዳስተር፦

እንዲህ የሚጨነቅ ስም ጠሪ ይብዛልን መምህርት። ሒሳብ ነው ያስተማርኩት፣ አብዛኛውን ዘመኔን 7ኛና 8ኛ ላይ ነው ያሳለፍኩት፣ የማውቀውን ልበልሽ።

መጀመሪያ ደረጃ የሚባለው ነገር። ደረጃ ልጁን የሚለካው ከጓደኞቹ ጋር ነው፣ ከመስከረሙ ራሱ ጋር አይደለም። ክፍሉ በሙሉ 8 8 ማርክ ቢጨምር የማንም ደረጃ ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ ልጅቷ 41ኛ ሆና እያደገች ነው ብትይ የሚጋጭ ነገር የለውም፣ ሌሎቹም አብረዋት እያደጉ ነው ማለት ነው። ይሄን ለወላጅ በአፍ ማስረዳት ያስፈልጋል፣ ብዙዎቹ አስበውት አያውቁም።

ሁለተኛ 7ኛ ክፍል ራሷ የተረሳች ክፍል ናት። ድሮ በ1986ቱ ፖሊሲ ከ1 እስከ 8 አንድ ላይ አንደኛ ደረጃ ነበር፣ አሁን 7ኛና 8ኛ ለብቻቸው ወጥተው መካከለኛ ደረጃ ሆነዋል፣ 6ኛ ላይ ፈተና አለ 8ኛ ላይ ፈተና አለ፣ 7ኛ ላይ ግን የውጭ ፈተና ስለሌለ ዳይሬክተሩም ወላጁም ዓይኑን የሚጥልባት የለም። ልጁ ደግሞ በጣም የሚለወጠው እዛ ላይ ነው። ቁመቱ ይለወጣል፣ ድምፁ ይለወጣል፣ በዛ ላይ እስከ 6ኛ በአማርኛ የተማረው ሒሳብና ሳይንስ ባንዴ እንግሊዝኛ ይሆንበታል። በአማርኛ 70 ያመጣ የነበረ ልጅ በእንግሊዝኛ 60 ሲያመጣ ወረደ ለማለት እኔ አልደፍርም።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ማርኩን ትተሽ የስህተቱን ዓይነት እዪ። «አንድ ቁጥር በ3 ተባዝቶ 5 ሲደመርበት 20 ሆነ፣ ቁጥሩ ስንት ነው» ብለሽ ስትሰጪ መስከረም ላይ ልጁ «5» ብሎ መልሱን ብቻ ያስቀምጣል። ልክ ነው፣ ግን ከየት እንዳመጣው አይታወቅም፣ ከጎኑም አይቶ ሊሆን ይችላል። ኅዳር ላይ ያው ልጅ 5ቱን ወደ ማዶ ሲያሻግር መቀነሱን ረስቶ ይደምርና 25ን ለ3 አካፍሎ የማይሆን ቁጥር ላይ ይደርሳል። ማርክ ላይ መስከረም ይበልጣል። ለኔ ግን የኅዳሩ ልጅ ነው ያደገው፣ ሐሳቡን ወረቀት ላይ አውጥቶታል፣ የቱ ጋ እንደሳተም ጣቴን አስቀምጬ ላሳየው እችላለሁ።

ስለ ብዛቱ፣ ሁሉንም በየቀኑ ማየት አትችዪም፣ አትሞክሪ። በሳምንት 5 ልጅ ያዢ፣ የሳምንቱን 5 ደብተር ከልብሽ እዪ፣ ስም መጥሪያው ጀርባ ላይ ወይም በትንሽ ደብተር አንድ አንድ መስመር ጻፊ። 62 ልጅ በ13 ሳምንት ያልቃል፣ ሴሚስተሩ ከዛ ይረዝማል። ካርድ ስትሞዪ የምትገለብጪው ከዛ ነው።

የአንዲት 8ኛ ክፍል እናት፦

እኔ በወላጅ በኩል ልናገር። ከትምህርት ቤት ስልክ ሲደወልልኝ መጀመሪያ ልቤ ነው የሚደነግጠው፣ ምክንያቱም «ወላጅ አምጣ» ማለት እዚህ አገር ልጁ አጥፍቷል ማለት ነው። ልጄ አድጋለች ብሎ የጠራኝ ሰው ኖሮ አያውቅም፣ ዓምና ካንዲት መምህርት በቀር። እሷ ካርድ ስሰበስብ ጠጋ ብላ «ልጅሽ ያልገባት ነገር ሲኖር ድሮ ዝም ትል ነበር፣ አሁን ከክፍል ስወጣ ተከትላኝ መጥታ ትጠይቀኛለች» አለችኝ። ይቺን ብቻ ነው ያለችኝ እና ቤት ሄጄ ልጄን ስለ ማርክ ሳይሆን ምን ብላ እንደጠየቀች ጠየቅኳት፣ እራት እስኪደርስ ስታወራኝ ነበር። የምትጽፉትን እንደዚህ ጻፉልን፣ ያያችሁትን ነገር። «በርቺ» ሲባል ምን ላይ እንደምትበረታ እኔም አላውቅ እሷም አታውቅ።

አንድ ነገር ግን፣ ብዙ ወላጅ ካርዱን የሚያስነብበው ራሱን ልጁን ነው። ስለዚህ አጭርና ግልጽ ይሁን፣ ልጁም ጮክ ብሎ ለእናቱ ለማንበብ የማያፍርበት ይሁን።

የስምንተኛው፦

ሐሳባችሁን አከብራለሁ ግን ሌላውንም ጎን ማየት አለብን። እኔ 8ኛ ነው የማስተምረው። ልጆቹ ከ7ኛ ሲመጡልኝ «ተሻሽላለች፣ ጎብዛለች» ተብለው ነው የሚመጡት፣ ከዛ ሰኔ ላይ ሚኒስትሪ ሲመጣ ፈተናው «ድሮ ዝም ትል ነበር አሁን ትጠይቃለች» ብሎ ማርክ አይሰጥም። 54 ያመጣችን ልጅ እናት ደስ አሰኝተን ሸኝተን ልጅቷ ጄኔራል ሳይንስ መጽሐፉን ማንበብ ሳትችል ብትቀር ማነው ተጠያቂው? ለድሀ ልጅ ያለችው መንገድ ይቺው ፈተና ናት። እኔ እውነቱ ይነገር ባይ ነኝ።

ቾክና ዳስተር፦

ወንድሜ እውነቱ ይነገር ባልከው እስማማለሁ፣ ካርዱ ላይ 54 ተጽፏል እኮ፣ የሚደብቀው የለም። የጎደለው ሌላኛው እውነት ነው። ሁለቱም አንድ ላይ ይጻፉ። «በራሷ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ጀምራለች፣ ያልሰመረላት ስፔሊንግ ነው፣ ቤት ውስጥ በቀን አንድ አንቀጽ ጮክ ብላ ታንብብ» ቢባል እናትየዋ ልጃቸው የት እንዳለች አወቁ፣ ምን እንደሚያደርጉም አወቁ። 8ኛ ላይ ላንተም እኮ የሚጠቅምህ ይሄ ነው፣ «ጠንክራ ታጥና» ከሚል ካርድ ምን ታገኛለህ?

የስምንተኛው፦

እንደዛ ከሆነ እቀበላለሁ። እንዲያውም 7ኛ ላይ የተጻፈው ማስታወሻ ለኔ ቢተላለፍልኝ መስከረምን ልጅ በማወቅ አልጨርስም ነበር።

ኋላ ወንበር፦

ቲቸር አሁን ዩኒቨርሲቲ ነኝ ግን 7ኛ ክፍልን በደንብ አስታውሳለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፣ ፕሊስ ክፍል ፊት ወይም ባንዲራ ሥነ ሥርዓት ላይ ስማቸውን እየጠራችሁ አታመስግኗቸው። አስተማሪው ለጥሩ ብሎ ነው አውቃለሁ ግን በዛ ዕድሜ ሁሉም ዞሮ ሲያይህ መሬት ተከፍታ ብትውጥህ ነው የምትመርጠው፣ ከዛ በኋላ ደግሞ እረፍት ላይ ስም ያወጡልሃል። እኔ ድምፄ መጎርነን ሲጀምር ምንባብ አንብብ ስባል አላነብም ብዬ ቁጭ እል ነበር፣ ሰነፍ ነው ተባልኩ፣ ሰነፍ አልነበርኩም ሳነብ ድምፄ እየተሰበረ ስለሚስቁብኝ ነው። የአማርኛ አስተማሪያችን ገብቷት ከዛ በኋላ ከጓደኛዬ ጋር ጥንድ ሆነን እንድናነብ አደረገች፣ ደብተሬን ስታርም ደግሞ ጥግ ላይ «ንባብህ ፈጥኗል፣ ነጠላ ሰረዝ ላይ መቆም ጀምረሃል» ብላ ጻፈችልኝ። ያንን ደብተር እናቴ እስካሁን አስቀምጣዋለች።

ሴቶቹም ላይ እንደዛው ነው፣ በወር አበባ ምክንያት የሚቀሩ ነበሩ፣ የቀረችበትን ቀን ብቻ ቆጥሮ «ቀሪ ታበዛለች» የሚል አለ። የቀረችበትን ኖት ከጓደኛዋ ተውሳ ገልብጣ መምጣቷን የሚያይ ግን አልነበረም።

ከቨርጂኒያ፦

እኔ ያለሁት አሜሪካ ነው፣ እዚህ ሚድል ስኩል አብዛኛው ቦታ ከ6ኛ እስከ 8ኛ ነው። የልጄ ትምህርት ቤት ወላጅ ሲጠራ የሚያወራው አስተማሪው አይደለም፣ ልጁ ራሱ ነው። ከሴሚስተሩ መጀመሪያ አንድ ሥራ፣ ከመጨረሻው አንድ ሥራ ይመርጥና ምን እንደተለወጠ ለኛ ያስረዳል፣ አስተማሪው አጠገቡ ቁጭ ብሎ ይሰማል። ልጄ በቤት ውስጥ ሁለት ቃል የማይናገር ልጅ ነው፣ የዛን ቀን በአማርኛና በእንግሊዝኛ እያደባለቀ ለአባቱ ሲያስረዳ ገረመኝ። ምንም ወጪ የለውም፣ ደብተር ብቻ ነው የሚፈልገው። 62ቱን ባንድ ቀን አይቻል ይሆናል፣ ግን ካርድ በሚሰጥበት ቀን ልጆቹ ሁለት ገጽ አጥፈው ይዘው ቢቀርቡስ?

ስም ጠሪዋ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጋሼን የ5 ልጅ ነገር ለሁለተኛ ሴሚስተር ወስኛለሁ፣ ለዚህኛው ግን ጊዜ ስለሌለኝ መጀመሪያ በ«በርታ» ያለፍኳቸውን መሀለኞቹን ለይቼ ደብተራቸውን ሰብስቤ አየሁ። ለአንዱ «ከኅዳር ወዲህ አንድም ቀን አልቀረም፣ ማለዳ ከእናቱ ጋር እየሠራ መሆኑን አውቃለሁ፣ የቤት ሥራ ላይ ግን እገዛ ያስፈልገዋል» ብዬ ጻፍኩ። ለልጅቷ ደግሞ «የራሷን ጽሑፍ አንብባ ማረም ጀምራለች፣ ስፔሊንግ ላይ እንሠራለን፣ ሦስተኛውን መስመር ትንገርዎት» የሚል። ከቨርጂኒያ ያልሽውንም ካርድ በሚሰጥበት ቀን እሞክረዋለሁ፣ መቼም ሁሉም ወላጅ አይመጣም፣ የመጡት ይበቃሉ።

ጋሼ አንድ ጥያቄ ብቻ፣ ካርዱ ላይ ያለችው መስመር በጣም አጭር ናት፣ ሁለት ዓረፍተ ነገር አትይዝም። ደብተራቸው ላይ ብጽፈው ወላጅ ያየዋል ይላሉ?

ቾክና ዳስተር፦

ካርዱ ላይ «ደብተሩን ይመልከቱ» ብለሽ ጻፊ፣ ደብተሩ ላይ ደግሞ የወላጅ ፊርማ ቦታ አስምሪ። ካርዱ ተፈርሞ ሲመለስ ደብተሩም አብሮ ይመለስ። ፊርማ ካልጠየቅሽ ግማሾቹ አያዩትም።