ስምንተኛውን ተራራ በጭጋግ ጨረስኩ፤ ይቆጠራል?

ጅብራ፦
ሰላም ተራራ ወዳጆች። አንድ ነገር ሆዴን ስለበላኝ እስኪ ፍረዱኝ።

2008 ዓ.ም. ላይ ከ4,000 ሜትር በላይ የሆኑ ስምንት ተራሮች ደብተር ላይ ጻፍኩ። ራስ ዳሸን፣ ቧሂት፣ ጉና፣ ጮቄ፣ አቡነ ዮሴፍ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ባቱ፣ ጭላሎ። በሁለት ዓመት እጨርሳለሁ ብዬ ነበር፤ ዘጠኝ ዓመት ፈጀ። መጀመሪያ ገንዘብ ጠፋ፣ ከዚያ ልጅ መጣ፣ ከዚያ መንገዱ ተዘጋ፣ ያው ታውቁታላችሁ። ጭላሎ መጨረሻ የሆነው ቅርብ ስለሆነ ብቻ ነው። አሰላ ከአዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ የትም አይሄድም እያልኩ ስገፋው ኖርኩ።

ባለፈው ነሐሴ ወጣሁት። አዎ፣ ነሐሴ። አትሳደቡ፤ የዓመት ፈቃድ ያገኘሁት ያኔ ነው። ንጋት 11 ሰዓት ከአሰላ ተነሳን፤ እኔ፣ ጓደኛዬና መንገድ የሚያሳየን አንድ የአካባቢው ገበሬ። መኪናው እስከቻለው ሄዶ ከዚያ በእግር። የገብሱን ማሳ እስክናልፍ ካፊያ ነበር። አስታው፣ ያ የደጋ ቁጥቋጦ፣ ውስጥ ስንገባ ለየለት። ጭቃው ጫማ ይነቅላል። ገበሬው በፕላስቲክ ቦቲ፣ ላስቲክ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ ለገበያ የሚሄድ ነው የሚመስለው፤ እኔ ደግሞ ያን ሁሉ ብር ባወጣሁበት ጃኬት ውስጥ ውሃው በጀርባዬ እየወረደ ነው። ከላይ ጅብራዎቹ፣ እነዚያ ረጃጅም የደጋ ተክሎች፣ ከጭጋጉ ውስጥ ሰው መስለው ብቅ ይላሉ። ሁለቴ ሰላም ልል ነበር።

5 ሰዓት ተኩል ላይ ገበሬው ቆመና በዱላው ድንጋዩን ነካ አድርጎ "ኩኖ!" አለ። ይኸው ማለቱ ነው። ምኑ? ከእግሬ ሥር ድንጋይ፣ ከዚያ ወዲያ ነጭ። ስልኬ 4,009 ይላል፣ የጓደኛዬ ሰዓት 4,041። ጭላሎ የሚባለው 4,036 ነው። አናቱ ደግሞ ሹል አይደለም። የጥንት እሳተ ገሞራ ስለሆነ መሃሉ ሰፊ ጎድጓዳ ነው፣ ጠርዙ ዙሪያውን ከፍ ዝቅ ይላል። የቆምነው የትኛው ጉብታ ላይ እንደሆነ እግዜር ይወቀው። ትንሽ ቆይቶ ነጎድጓድ ሰማንና ወደ ታች ሮጥን።

ቤት ገብቼ ደብተሩ ላይ ምልክት ላደርግ ስል እጄ እምቢ አለ። ይቆጠራል ወይስ ልመለስ?

የአሰላ ልጅ፦
እንኳን ደስ አለሽ! በነሐሴ ግን? እኛ እዚሁ ተወልደን ነሐሴ ላይ ከታች ሆነንም አናየውም፣ ቀና ስትይ ደመና ነው። ሰማዩ ጥርት ሲል ከላይ ዝዋይ ሐይቅ ይታያል፤ እሱ አምልጦሻል።

ሰውዬው "ኩኖ" ካለሽ እመኚው፣ ከብት ፍለጋ ስንቴ እንደወጣው አስቢ። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። አንዳንዴ እንግዳው ሲንቀጠቀጥ ካዩ የመጀመሪያው ጉብታ ላይ "ይኸው" ይላሉ። ተንኮል አይደለም፣ አዝነውለት ነው። ከንፈርሽ ጠቁሮ ነበር?

ባለ ከዘራው፦
ልጄ፣ ቁጥሩን ተዪው። የስልክ ጂፒኤስ ከፍታ ላይ 20፣ 30 ሜትር ቢስት አይደንቅም። የጓደኛሽ ሰዓት በአየር ግፊት የሚለካ ከሆነ ደግሞ ባሰ፤ ዝናብ ሲመጣ ግፊቱ ይወርድና አንድ እርምጃ ሳትራመዱ ከፍ ያላችሁ ያስመስለዋል። ጠዋት አሰላ ላይ በከተማው ከፍታ ካልተስተካከለ 4,041 ወሬ ነው። ስልክሽ የሄድሽበትን መዝግቦ ከሆነ ካርታ ላይ አውጪው። ኬክሮስና ኬንትሮሱ ከከፍታው ይልቅ ይታመናል። ደግሞስ ራስ ዳሸንን ሁላችንም 4,620 ብለን ሸምድደን አይደል ፈተና ያለፍነው? አሁን 4,550 ገደማ ነው ይሉናል። ተራራው እንደሆነ አላጠረም።

እኔን ያናደደኝ ነጎድጓድ እስክትሰሙ እዚያ መቆማችሁ ነው። በክረምት ከሰዓት በኋላ ጫፍ ላይ መገኘት የለም። ነጎድጓዱ ከተሰማ መብረቁ ቅርብ ነው፣ እዚያ ሜዳ ላይ ደግሞ ከጅብራው ሌላ ረጅሙ ነገር አንቺ ነሽ። አሰላ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በየ100 ሜትሩ ከግማሽ ዲግሪ በላይ እየቀነሰ አናቱ ከከተማው 10 ዲግሪ ያህል ይበርዳል። በዚያ ላይ እርጥብ ልብስና ንፋስ። ጂንስ ለብሼ ነበር እንዳትይኝ ብቻ።

ሰሜነኛው፦
ራስ ደጀን ነው እንጂ ራስ ዳሸን አይባልም፤ ስንቴ እንናገር።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ቱሉ ዲምቱን በምን ወጣሽው? አናቱ ድረስ የመኪና መንገድ አለው እኮ። ያንን በመኪና ወጥተሽ ከቆጠርሽ፣ እዚህ በጭቃ ተንከባለሽ የወጣሽውን አልቆጥርም ማለት ግፍ ነው። እኔ ቧሂት ላይ በረዶ ወርዶብኝ ከጓደኞቼ ጀርባ ሌላ ያየሁት የለም። ቆጥሬዋለሁ፣ እንቅልፍም አልነሳኝም።

ጅብራ፦
ሰሜነኛው፣ ከሳነቴ ሜዳ በእግሬ ነው የወጣሁት። ስመለስ ግን ፒክአፕ ላይ ተሳፍሬያለሁ፤ መውረድ አይቆጠርም።

ጋሽ ባለ ከዘራው፣ ጂንስ አልነበረም። የጥጥ ሹራብ ግን ነበር፣ ይሳደቡ። የከንፈሬን ጉዳይ ጓደኛዬን ጠየቅኳት፤ "ከንፈርሽን ተዪው፣ ውሃ ትፈልጊያለሽ ስልሽ ከስንት ጊዜ በኋላ ነው የመለስሽልኝ" አለችኝ።

እንዳሉኝ ካርታ ላይ አወጣሁት። የቆምንበት ጉብታና ካርታው ጫፍ ብሎ ምልክት ያደረገበት ቦታ መሃል 300 ሜትር ያህል አለ። የአሰላ ልጅ፣ ሰውዬው አዝኖልኝ ነው ማለት ነው። ልናደድበት ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም። ስንወርድ የራሱን ላስቲክ አውልቆ ነው ያለበሰኝ።

የአሰላ ልጅ፦
300 ሜትር! አይይ። ጥቅምት ላይ ነይ በቃ፣ ሰማዩ ይከፈታል፣ ጭቃውም ይደርቃል። ሌላ ደግሞ፣ ከመጣሽ አይቀር፣ ዝርዝርሽ ላይ ካካ የለም እኮ። ከበቆጂ ማዶ ያለው። እሱም ከ4,000 በላይ ነው። የነደራርቱ አገር ሄደሽ ሳትወጪው ልትመለሺ ነው?

ጅብራ፦
ካካን ለምን ነገርከኝ አንተ ሰው? ስምንት ነበር እኮ!

ደብተሩን አወጣሁት። ጭላሎ አጠገብ በእርሳስ ግማሽ ምልክት አለ። ከሥሩ "9. ካካ"። ባለቤቴ አይቶ ምንም አላለም፣ ደብተሩን ከደነው ብቻ።

ጥቅምት ሁለተኛው ቅዳሜ ነው። መኪና ውስጥ ሁለት ቦታ አለ፣ ነዳጅ እንካፈላለን። ጋሽ ባለ ከዘራው፣ አንዱ ቦታ የእርስዎ ነው፤ ሰዓቱን አሰላ ላይ የሚያስተካክልልን ሰው የለንም።