ጂ54 ላይ የያዝኩት ዜሮ ለምን ይዛነፋል?

ፈረዛ_ጀማሪ (ጠያቂ)፦
ሰላም ወገኖች። ማሽኑ ባለ ሦስት ዘንግ ሲኤንሲ ሚሊንግ ነው፣ መቆጣጠሪያው ጂአርቢኤል። የሥራዬን መነሻ (ዜሮ) የምይዘው ጂ54 በሚባለው ማስቀመጫ ላይ ነው። ካም (የመቁረጫውን መንገድ የሚያወጣው ሶፍትዌር) ላይ መነሻዬ የአሉሚኒየሙ የፊት ግራ ጥግ፣ የላይኛው ገጽ ነው። ጠርዙን የምይዘው ስፒንድሉ (መቁረጫውን የሚያዞረው ክፍል) ቆሞ፣ 10 ሚሜ ክብ ፒን አስሬ፣ በፒኑና በጠርዙ መካከል ወረቀት አስገብቼ ነው። ከግራ ጠርዝ 20 ሚሜ ላይ መውጣት የነበረበት ቀዳዳ 14.9 ላይ ወጣ። ቱል (መቁረጫ) ስቀይር ሁለተኛው ከሚገባው በላይ ጠልቆ ቆረጠ። ማታ አጥፍቼ ጠዋት ሳበራ ደግሞ ዜሮው ሌላ ቦታ ነው።

ብረት_ቆራጭ፦
14.9 መልሱን ራሱ ይናገራል። ፒኑ ጠርዙን ሲነካ የስፒንድሉ መሐል ከጠርዙ ውጭ ነው፤ የፒኑ ራዲየስ 5፣ ወረቀቱ 0.1። እዚያው ላይ ኤክስን ዜሮ ስላልከው ሥራው በሙሉ 5.1 ወደ ግራ ሸሽቷል። ዋይም ወደ ፊት በዚያው ልክ ሳይሸሽ አይቀርም፣ ለካው።

ግራ ጠርዙን እንደነካህ «ጂ10 ኤል20 ፒ1 ኤክስ-5.1» ጻፍ። «አሁን ያለሁበት -5.1 ነው» ማለትህ ነው። ፒ1 ጂ54 ነው፣ ፒ2 ጂ55። ዜድን ከፍ አድርገህ ወደ ፊተኛው ጠርዝ ሂድና ዋይን እንደዚሁ አድርግ። በኤል20 ፋንታ ኤል2 እንዳትጽፍ፤ ኤል2 ቁጥሩን ከማሽኑ ዜሮ እንደሚለካ ርቀት ስለሚወስደው መነሻህ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ሊገኝ ይችላል።

ስፒንድል_40፦
ሁለተኛው ችግር የቱል ርዝመት ነው። የመጀመሪያው ከኮሌቱ (ከቱሉ መያዣ) 30፣ ሁለተኛው 38 ሚሜ ከወጣ፣ ዜድን ዳግመኛ ካልያዝክ 8 ሚሜ ጠልቆ ይገባል። ጂአርቢኤል የቱል ሰንጠረዥ ስለሌለው በየቱል ለውጡ ዜድን ብቻ እንደገና ያዝ፤ ኤክስና ዋይን አትንካቸው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። የመጀመሪያው ቱል ፊቱን 0.5 ሚሜ ልጦት ከሆነ ያ የጥንቱ ገጽ የለም። አዲሱን ገጽ በወረቀት ነክተህ ዜሮ ብትል ቀሪው ሥራ 0.4 ይጠልቃል። የሚጻፈው ዜድ-0.4 ነው፦ ገጹ -0.5፣ ወረቀቱ +0.1።

ሆም_ቅድሚያ፦
የጠዋቱን ልመልስ። ጂ54 የሚያስቀምጠው ከማሽኑ ዜሮ ያለውን ርቀት ነው። ማሽኑ ሲጠፋም ቁጥሩ አይሰረዝም፣ በ«$#» ታየዋለህ። ግን ስቴፐር ሞተሮቹ የት እንደቆሙ አያስታውሱም፤ ሆም ካላደረግክ (ዘንጎቹን ወደ ስዊቾቻቸው ልከህ የማሽኑን ዜሮ ካላስያዝክ) መቆጣጠሪያው የበራበትን ቦታ ዜሮ ይለዋል፣ ጂ54ም አብሮ ይሄዳል። ሊሚት ስዊች (በዘንጉ ጫፍ ያለው ስዊች) ካለህ ሆም ማድረግ እንዲቻል $22=1 አድርግና በበራ ቁጥር መጀመሪያ «$ኤች» በለው። «$ኤክስ» የአላርሙን መቆለፊያ ብቻ ይከፍታል፣ ቦታ አያገኝልህም።

ዜሮ የምታደርግበት አዝራር ጂ92 (ጊዜያዊ ዜሮ) የሚልክ ከሆነ ደግሞ ያ መቆጣጠሪያው እንደገና ሲነሳ ይጠፋል። ከዚያ በፊትም ጂ54 ላይ ይደመርና ያደናግርሃል። በ«ጂ92.1» አጽዳው።

ፈረዛ_ጀማሪ፦
አመሰግናለሁ፣ ቀዳዳው 20 ላይ ወጣ። ሆም ካደረግኩ በኋላ ግን ዜድን ላነሳ «ጂ53 ጂ0 ዜድ0» ስል አላርም ይሰጣል።

ሆም_ቅድሚያ፦
ጂ53 የሚለካው ከማሽኑ ዜሮ ስለሆነ ዜድ0 ስዊቹ የተነካበት ቦታ ነው። $27 (ከስዊቹ የሚመለስበት ርቀት) ላይ 1 ካለ ማሽኑ ሆም ጨርሶ የሚቆመው -1 ላይ ነው፤ ወደ 0 ስትልከው ስዊቹን ይመታል። «ጂ53 ጂ0 ዜድ-2» በለው። ጂ53 ለዚያች መስመር ብቻ ነው የሚሠራው፣ በየመስመሩ ይደገማል።

ብረት_ቆራጭ፦
ተመሳሳይ ዕቃ ደጋግመህ የምትሠራ ከሆነ መነሻውን የሞርሳው የማይንቀሳቀሰው መንጋጋ በኩል አድርገው፣ ካም ላይም ጭምር። መንጋጋው ከኋላ ከሆነ ጥሬ ዕቃው በስፋት ግማሽ ሚሜ ቢለያይ ልዩነቱ በፊተኛው ጠርዝ ይወጣል እንጂ ዜሮህን አይነካም። በጎን ደግሞ ማቆሚያ እሰርለት።