እማዬን በሁዳዴ ቅዳሜ ቢስትሮ ልጋብዛት ነው፤ ምን ላስብ?

የአራት ኪሎ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። እማዬ አንድ ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ 26 ዓመት ሠርታ አምና ጡረታ ወጣች። አትክልት ስትልጥ፣ ስትከትፍ፣ ድስት ስታጥብ ነው የኖረችው። ነጭ የጠረጴዛ ልብስ በተነጠፈበት በኩል ግን አንድም ቀን ቁጭ ብላ አታውቅም። የምትገባውም የምትወጣውም በጓሮ በር ነበር።

ቦሌ አካባቢ የፈረንሳይ ምግብ የሚሠራ ቢስትሮ አለ። በታክሲ ሳልፍ ሁልጊዜ በመስታወቱ አየዋለሁ። ቅዳሜ እኔና እሷ ብቻ ሄደን ምሳ እንድንበላ እፈልጋለሁ። ችግሩ ሁዳዴ ነው። አጥብቃ ትጾማለች፤ ዓሣም አትነካም። ሌላው፣ ዋጋውን ካየች ምግቡ ከጉሮሮዋ አይወርድም። በጀቴ 5000 ብር ነው። እንዲህ ዓይነት ቤት የጾም ምን ይገኛል? ዋጋውንስ እንዴት ልደብቃት?

የሰሚቷ፦
ለምን ፋሲካ እስኪደርስ አትጠብቂም? ቅቤና አይብ ከሌለበት የፈረንሳይ ምግብ ምን ይበላል? ያን ያህል ብር አውጥተሽ ሰላጣ በልታችሁ ብትመለሱ ይቆጭሻል። እናትሽም 9 ሰዓት ሳይሞላ የሚቀምሱ አይመስለኝም።

የአራት ኪሎ ልጅ፦
እህቴ፣ ቅዳሜን የመረጥኩት ለዚሁ ነው። በሁዳዴ ቅዳሜና እሁድ፣ ከቀዳም ስዑር በቀር፣ እስከ 9 ሰዓት አይቆይም፤ የሚቀረው ጥሉላቱ ነው። እሁድ ደግሞ ከቅዳሴ ደክማ ነው የምትመለሰው። ፋሲካ ሲመጣ ቤታችን በእንግዳ ይሞላል፣ ዶሮውንም የምትሠራው እሷው ናት። እኔ የምፈልገው እሷ የማትሠራበትን ምሳ ነው።

አስተናጋጁ፦
ስምንት ዓመት እንዲህ ዓይነት ቤት ሠርቻለሁ። የጾም ይገኛል፤ ግን «የጾም ነው?» ብለሽ ብቻ እንዳትተዪው። አዲስ ልጅ ከሆነ ሥጋ እስከሌለበት ድረስ «አዎ» ይልሻል። ራታቱይ ጥሩ ነው፤ ደበርጃን፣ ዝኩኒ፣ ቲማቲምና የፈረንጅ ቃሪያ በወይራ ዘይት የሚበስል ነው። ቅቤ ጣል የሚያደርግበት ሼፍ ስለማይጠፋ ግን አስቀድመሽ ተናገሪ። የአትክልት ሾርባ ላይ ተጠንቀቂ፤ ብዙ ጊዜ የሚሠራው በዶሮ ወይም በአጥንት መረቅ ነው። የሽንኩርት ሾርባውንማ እርሺው፣ የበሬ መረቅና አይብ አለበት። ባጌት የሚባለው ረጅሙ ዳቦ ዱቄት፣ ውሃ፣ እርሾና ጨው ስለሆነ ይበላል። ክሯሳንና ብሪዮሽ ቅቤ አላቸው። ድንች ጥብሱ ዶሮ በተጠበሰበት ዘይት እንዳይሆን ጠይቂ። መጨረሻ ላይ ሶርቤ የሚባለውን በረዷማ ጣፋጭ እዘዢ፤ ከፍራፍሬና ከስኳር ነው የሚሠራው፣ ወተት የለውም።

ይሄን ሁሉ ሐሙስ ደውለሽ ጨርሺው። ቅዳሜ 7 ሰዓት ላይ ኪችኑ ይጨናነቃል፣ ማንም በደንብ አይሰማሽም። 6 ሰዓት ተኩል ላይ ግቡ።

ሜኑው ከዋጋው ጎን ፕላስ ፕላስ (++) ካለ 10 ፐርሰንት ሰርቪስ ቻርጅ፣ በዚያ ላይ 15 ፐርሰንት ቫት ይመጣል። 1000 ብር የተባለው 1265 ይሆናል ማለት ነው። በ5000 ብር ከሜኑው የምታዢው እስከ 3950 ብቻ ነው። ምግቡን ቀድመሽ ምረጪና ሜኑ ጠረጴዛ ላይ እንዳያመጡ ንገሪያቸው። ክፍያውን ካውንተር ጋ ሄደሽ በቴሌብር ጨርሺ።

የልደታ ልጅ፦
አንድ ነገር ልጨምር። እናቴን የወሰድኳት ቤት ዝቅ ያለ ሶፋ ሰጡን፤ ከጉልበቷ የተነሳ መነሳት አቃታት። ቀጥ ያለ ወንበርና ከስፒከር የራቀ ቦታ ጠይቂ።

የአራት ኪሎ ልጅ፦
ሄድን! ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሐሙስ ስደውል ሼፉ ራሱ አናገረኝ፤ ሾርባው በዶሮ መረቅ ስለሆነ ተዉት አለኝ። እማዬ የበዓል ነጠላዋን ለብሳ መጣች። አስተናጋጇ ወንበር ስትስብላት ግራ ገብቷት እኔን አየችኝ።

ራታቱዩ ሲመጣ ወዲያው አልበላችም። በሹካዋ አንድ ዝኩኒ አንስታ አገላብጣ አየችው። «የቆረጠው ልጅ እጁ ጥሩ ነው፤ ሁሉም እኩል ነው» አለች። ከዚያ ሰሃኑን በባጌት ጠርጋ ጨረሰችው። በልተን ስናበቃ እንደ ልማዷ ሰሃኖቹን መደራረብ ጀመረች። እጇን ያዝኩት። «ተዪው እማዬ፣ ዛሬ ሌላ ሰው ያነሳዋል» አልኳት። እንባዋ መጣ፣ የኔም መጣ።

ሁለት ሰዓት ሙሉ ቁጭ አልን። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ገብታ ሽንኩርት የምትልጥበትን ጊዜ፣ በክረምት የቧንቧው ውሃ ጣቶቿን እንዴት እንደሚያደነዝዘው፣ ሰምቼው የማላውቀውን ሁሉ አወራችኝ። የማንጎ ሶርቤውን ግን አልወደደችውም፤ ለጥርሷ ቀዘቀዘባት። ሂሳቡ 4680 ብር ከ50 ሳንቲም መጣ። «ስንት ሆነ?» ብላ እስከ ቤት ድረስ ጠየቀችኝ። አልነገርኳትም።

የሰሚቷ፣ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ያን የሽንኩርት ሾርባ ልንቀምስ ተነጋግረናል።