ካሹ ውሃ ገብቶበታል፣ ባለቤቱ ደግሞ ጠፍቷል። ምን ላድርግ?

ጫካ_ለጫካ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጂኦካሺንግ (ሰው የደበቀውን እቃ፣ «ካሽ» የሚባለውን፣ በጂፒኤስ ቁጥር ፈልጎ አግኝቶ ውስጡ ባለው ደብተር መፈረም) የጀመርኩት በቅርቡ ነው፣ ግን ሱስ ሆኖብኛል። ሁለት ጥያቄ አለኝ።

ሰፈሬ አጠገብ ወንዝ ዳር በእግር መሄጃው መንገድ ላይ አንድ ካሽ አለ። ተራ የምግብ ማስቀመጫ ፕላስቲክ ነው፣ ከአራቱ የክዳን መቆለፊያዎች አንዱ ተገንጥሏል። ስከፍተው ውሃ አቁሯል። የምንፈርምበት ደብተር ገንፎ ሆኗል፣ እርሳሱ አብጦ ተሰንጥቋል፣ ከሥር አንዲት የልጅ መጫወቻ መኪና ዝጋ ተቀምጣለች። ከኔ በፊት የመጡትም «እርጥብ ነው፣ እናመሰግናለን» ብለው ጽፈው ሄደዋል። ባለቤቱ ድምፁ የለም። ቤት ጥሩ እቃ አለኝ፣ ወስጄ ልቀይረው ወይስ ድፍረት ይሆንብኛል?

ሁለተኛው፣ ለገና አዲስ አበባ ነኝ። እንጦጦ ላይ አንድ ካሽ ደብቄ ብመለስ ደስ ይለኛል። ስልኬ ይበቃኛል ወይስ ጋርሚን (በእጅ የሚያዝ የጂፒኤስ መሣሪያ) ልግዛ?

እርሳስ_አይረሳም

እንኳን ደህና መጣሽ። እቃውን አትቀይሪው። የሰው ንብረት ነው፣ የተበላሸም ቢሆን።

ማድረግ የምትችይው ይኸውና፦ ውሃውን ድፊ፣ በሶፍት ጥረጊው፣ አንድ ደረቅ ወረቀት ጨምሪበት። አሮጌውን ደብተር ግን አትጣይው፣ የባለቤቱ ነው። ከዚያ ስታገኚው ድረ ገጹ ላይ የምትጽፊውን ማስታወሻ (ሎግ) ጻፊና ለብቻው ደግሞ «የባለቤት ትኩረት ይፈልጋል» የሚለውን ላኪ። ብዙ ሰው ይሄን መላክ ስም ማጥፋት ይመስለዋል። አይደለም! ባለቤቱ ስንት ካሽ እንዳለው አታውቂም፣ «እርጥብ ነው» የሚል አንድ መስመር ከሌላው ምስጋና ጋር ተደባልቆ ሊያልፈው ይችላል። ዝም ካለ ሪቪወሩ (ለድረ ገጹ ካሾችን የሚገመግመው ሰው) ጉዳዩን ያየዋል፣ ካሹን ለጊዜው ይዘጋዋል፣ አሁንም መልስ ከሌለ ከዝርዝሩ ያወጣዋል። ያኔ ቦታው ነፃ ነው፣ የራስሽን ልታስቀምጪ ትችያለሽ። ብቻ ሌላ ካሽ ከ161 ሜትር ባነሰ ርቀት እንዳይኖር እዪ።

እኔን የሚያናድደኝ ሌላው ነው። ፈልጎ ያጣ ሰው «ጠፍቷል ማለት ነው» ብሎ ከኪሱ ትንሽ ጠርሙስ አውጥቶ ጥሎ «አገኘሁ» ብሎ ይመዘግባል። ዋናው ካሽ እዚያው ጉቶ ሥር ቁጭ ብሏል። በኋላ የሚመጣው ሰው የትኛውን ይፈርም? ያጣ ሰው «አላገኘሁም» ብሎ ይጻፍ፣ ነውር የለውም። እንዲያውም ለባለቤቱ ከሁሉ የሚጠቅመው ሎግ እሱ ነው።

የቨርጂኒያ_ዱር

እርሳስ ትንሽ አክርረሃል። ባለቤቱን በመልእክት ጠይቃው «ቀይሪልኝ» ካላት ምን ችግር አለው? እኔ ባለቤት ሆኜ እንዲህ ያለ እርዳታ ደስ ብሎኝ ነው የምቀበለው። ሳይጠየቅ መቀየር ነው ጥፋቱ፣ እዚያ ላይ እንስማማለን።

እህት፣ የራስሽን ስታስቀምጪ ግን እቃውን ቤት ፈትኚው። ውስጡ ደረቅ ሶፍት አድርገሽ ክዳኑን ዝጊ፣ ባልዲ ውሃ ውስጥ ድንጋይ ጭነሽበት አሳድሪው። ጠዋት ሶፍቱ ነጥብ ርጥበት ካለው ለምሳ ዕቃ ይሁንሽ፣ ለጫካ አይሆንም። የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ የክዳኑ ላስቲክ ነው፤ አሸዋ ወይም የፕላስቲክ ከረጢት ጫፍ ይገባበትና ውሃ ያስገባል። ለዚህ ነው አንቺም ካሽ ስትዘጊ ዙሪያውን በጣትሽ ዳሰስ ማድረግ ያለብሽ። እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች የሚጨምሩ ሰዎች አሉ፣ የሚያፈስ እቃ ውስጥ ግን ወዲያው ይጠግቡና ዋጋ የላቸውም። የወታደር ጥይት ሳጥን ከሁሉ ይበልጣል። ግን የጥይቱን ጽሑፍ ቀለም ቀቢበትና «ጂኦካሽ» ብለሽ በትልቁ ጻፊበት፣ አለበለዚያ ያየ ሰው ፖሊስ ይጠራል። በዚህ በዋሽንግተን ዙሪያ በተለይ ድልድይ፣ ባቡር ጣቢያ፣ ትምህርት ቤትና የመንግሥት ሕንፃ አጠገብ እንዳታስቢው።

ሌላው፣ ሮክ ክሪክ ፓርክና ናሽናል ሞል (ዋሽንግተን መሃል ያለው ሰፊ መናፈሻ፣ የገበያ ማዕከል አይደለም) በብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ሥር ናቸው። ያለ ፈቃድ እቃ ማስቀመጥ ክልክል ነው። ሞሉ ላይ የምታያቸው ሳጥን የሌላቸው ቨርቹዋል ካሾች የሆኑት በዚህ ነው። የካውንቲ ወይም የስቴት ፓርክ ከሆነ አስተዳደሩን ጠይቂ።

መዥገር እንዳትረሺ። ሱሪሽን ካልሲሽ ውስጥ ክተቺ፣ ቤት ስትገቢ ከጉልበትሽ ጀርባ፣ ብብትሽንና ፀጉርሽን ፈትሺ። መዥገር የሚያስተላልፈው «ላይም» የሚባል በሽታ በሜሪላንድም በቨርጂኒያም አለ። ሦስት ሦስት ቅጠል ያለውን፣ ሲነኩት ቆዳ የሚያሳክከውን ፖይዝን አይቪ የሚባል ተክልም እወቂው፣ ካሽ የሚደብቁ ሰዎች አንዳንዴ የሚወዱት ይመስለኛል፣ ሆን ብለው ነው እንዴ እላለሁ።

ሰሜን_ኮከብ

ስለ መሣሪያው ልመልስልሽ። ስልክሽ ይበቃል። ሰማይ ክፍት በሆነበት ቦታ ወደ አምስት ሜትር ያደርስሻል፣ ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ሥርና ገደል ውስጥ ግን ይዋዥቃል። ቀስቷ ስትዞርብሽ ስልኩን ኪስሽ ክተቺና በዓይንሽ ፈልጊ፦ ያለ ቦታው የተደረደረ ድንጋይ፣ በልኩ የተቆረጠ ቅርፊት፣ የተረገጠ ሣር። ጋርሚን የሚያስፈልግሽ ባትሪና ኔትወርክ የሌለበት ሩቅ መንገድ ከሄድሽ ነው። ስትደብቂ ደግሞ የቦታውን የጂፒኤስ ቁጥር አንዴ ለክተሽ አትልቀቂ፣ በተለያየ ቀን ተመላልሰሽ ለኪና አማካዩን ውሰጂ። በተሳሳተ ቁጥር የሰውን አጥር ሲያስረግጥ የሚውል ካሽ አለ፣ ባለቤቱ ደግሞ «ከባድ ነው» እያለ ይኮራል!

የድሮውን ለማያውቁ፦ እስከ እ.ኤ.አ. ሜይ 2 ቀን 2000 ድረስ አሜሪካ የሲቪሉን ጂፒኤስ ሆን ብላ ታበላሸው ነበር፣ ስህተቱ መቶ ሜትር ይደርሳል። የዚያን ቀን ተነሳ። በማግስቱ ኦሪገን ውስጥ አንድ ሰው ባልዲ ደብቆ ቁጥሩን ኢንተርኔት ላይ ለጠፈው፣ ጨዋታው ከዚያ ጀመረ። ባልዲው ውስጥ የባቄላ ቆርቆሮም ነበረበት። ዛሬ ምግብ ክልክል ነው፣ አይጡም ሽኮኮውም ፕላስቲኩን ይበላዋል። ስለዚህ ቆሎም ቢሆን አታስቀምጡ ወገኖቼ። ከካሽ ውስጥ እቃ ስትወስጂ በምትኩ የምታስቀምጪው ከፈለግሽ አንበሳ ያለባት የአንድ ብር ሳንቲም ሰው በጣም ይወዳታል። ሕጉ ቀላል ነው፣ ከወሰድሽው ያላነሰ ተኪ።

ቦርሳሽ ውስጥ እስክሪብቶ ብቻ አትያዢ፣ በብርድ አይጽፍም። እርሳስ። ከጥቃቅኖቹ ካሾች ጥቅል ወረቀቱን ለማውጣት ደግሞ ወረንጦ።

የእንጦጦ_ጎረቤት (አዲስ አበባ)

እህቴ፣ ስትመጪ እንገናኝ፣ ግን ሳጥን አትደብቂ። በቱሪስትነት መጥቶ ደብቆ መሄድ ደንቡም አይፈቅድም፣ የሚንከባከብልሽ ሰው እዚህ ካላዘጋጀሽ ሪቪወሩ አያሳልፍልሽም። ትክክልም ነው። በክረምት ማን ወጥቶ ያደርቀዋል?

ከደንቡ በላይ ግን ሰፈሩን አስቢው። ባህር ዛፍ ሥር የተደበቀ ሳጥን፣ ውስጡ ሳንቲም፣ ጨሌ፣ የሰው ስም በተርታ የተጻፈበት ጥቅል ወረቀት። እንጨት ለቃሚዋ እናት ብታገኘው ምን ትላለች? መተት ነዋ! ወይ ታቃጥለዋለች፣ ወይ ጠበል ይረጭበታል። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው ፓርክ ግቢ ውስጥ ከሆነ ደግሞ ጥበቃ አለ፣ ድንጋይ ስታገላብጪ ያየሽ ጥበቃ «ምን ቀበርሽ?» ይልሻል፣ መቼስ ጨዋታ ነው ብለሽ ብታስረጂው አይሰማሽም። ፈላጊዎቹም ከውጭ የሚመጡ ናቸው፣ ችግሩ እነሱ ላይ ነው የሚወድቀው።

ካማረሽ ኧርዝካሽ ሞክሪ። ሳጥን የለውም። ሰው ቦታው ድረስ ሄዶ ስለ መሬቱ አፈጣጠር ያወጣሽውን ጥያቄ መልሶ ይልክልሻል። እንጦጦ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፣ ጥያቄ አይጠፋሽም። የፓርኩን አስተዳደር ግን አስፈቅጂ፣ መልስ ሲላክልሽም በጊዜ አንብቢ።

ጫካ_ለጫካ

መተቱን ሳነብ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ፣ እናቴ ራሷ የምትለው ነው። እሺ፣ ሳጥኑ ቀረ። የወንዝ ዳሩን ካሽ ጥያቄ አሁን ልኬያለሁ፣ ባለቤቱንም በመልእክት ጠይቄዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ ሌላ ካሽ ውስጥ ቁጥር ያለባት የብረት ታርጋ አግኝቼ ይዣለሁ። እሷስ የኔ ናት?

ሰሜን_ኮከብ

አይደለችም። ትራክብል ትባላለች፣ ባለቤት አላት፣ ከካሽ ካሽ እንድትጓዝ ነው የተለቀቀችው። ድረ ገጹ ላይ በቁጥሩ ፈልጊያት፣ የምትፈልገው መድረሻ ተጽፎ ይሆናል። አዲስ አበባ ድረስ ይዘሻት ብትሄጂ ባለቤቱ በደስታ ይዘላል፣ ብቻ እዚያ አንድ ቦታ ጥለሻት እንዳትመጪ፣ መልሰሻት ሜሪላንድ ደህና ካሽ ውስጥ አስገቢያት። ፎቶ ስትለጥፊ ቁጥሩን በጣትሽ ሸፍኚው። ቁጥሩን ያየ ሁሉ ታርጋዋን ሳይነካ «አገኘኋት» ብሎ ይመዘግባል።

እርሳስ_አይረሳም

ብዙም አታቆዪያት። ባለቤቶቹ አንድ ሰው እጅ ወራት ስትቀመጥ ጠፋች ብለው ነው የሚያስቡት። እስከ ገና የምታቆዪያት ከሆነ አሁኑኑ ጻፊላቸው።