ዓባይ በረሃን በብስክሌት ከጎሃ ጽዮን ደጀን፦ ፍሬን፣ ማርሽና ሰዓት

ሱሉልታ28

ሰላም ለቤቱ። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ በአስፋልት ብስክሌት ለመሄድ አስቤያለሁ፤ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የመጀመሪያውን ሌሊት ፍቼ አድሬ፣ በማግስቱ ዓባይ በረሃን ተሻግሬ ደጀን መግባት ነው ሐሳቤ። ብስክሌቱ አልሙኒየም ነው። ፍሬኑ ዲስክ ሳይሆን ቸርኬውን የሚይዘው ዓይነት፣ የፊት ማርሽ 50 እና 34፣ የኋላው ከ11 እስከ 28፣ ጎማው 25 ሚሊ ሜትር። እኔ፣ ብስክሌቱና ጓዙ አንድ ላይ 85 ኪሎ እንሆናለን። ቁልቁለቱን ፍሬኑ ይችለዋል? 28 ጥርስ ለአቀበቱ ይበቃል? ውሃስ ምን ያህል ልያዝ?

ጎሚስታው

ፍሬኑ ይችለዋል። የማይችለው አብዛኛውን ጊዜ ከፍሬኑ ጋር ያለው ሌላ ነገር ነው።

ከጎሃ ጽዮን ጠርዝ እስከ ድልድዩ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከ2,500 ሜትር አካባቢ ወደ 1,100 ገደማ ትወርዳለህ። በአማካይ 7 በመቶ ማለት ነው። ከፊሉን ጉልበት ነፋስ ይበላዋል፣ የቀረው ሁሉ ሙቀት ሆኖ የሚወጣው በቸርኬህ በኩል ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ቸርኬውን እይ። ፍሬኑ በሚነካው ፊት ላይ ማስመሪያ በጠርዙ አቁመህ ወደ ብርሃን ያዘው። መሃሉ ጎድጉዶ በማስመሪያው ሥር ብርሃን ካሳለፈ ግድግዳው ሳስቷል፤ የጎማ ግፊትና ሙቀት ሲደመርበት ጎኑ ሊተረተር ይችላል። እንዲህ ባለ ቸርኬ ከተማ ውስጥም አልነዳም።

የፍሬን ጎማዎቹን አውልቅና ፊታቸውን በጥፍርህ ዳስስ። የሚያብረቀርቅ የአልሙኒየም ፍቅፋቂና አሸዋ ተሰክቶ ታገኛለህ። በመርፌ ልቀመው፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት አሸት አድርገው። ላያቸው ላይ ያለው ቦይ ከጠፋ ግን ቀይራቸው። ገመዱን ደግሞ መሪው ላይ ካለው የፍሬን እጀታ ጋር የሚገናኝበት ጫፍ ድረስ ስበህ እይ። የሚበጠሰው እዚያ ነው፤ አንዲት ክር እንኳ ከተፈታች አዲስ አስገባ።

ሰው የሚረሳው ቸርኬው ውስጥ የራጂዎቹን (የቸርኬውን ሽቦዎች) ቀዳዳ የሚሸፍነውን ቀበቶ ነው። ፕላስቲኩ ሲግል ይለሰልሳል፣ ወደ ጎን ይንሸራተታል፣ የውስጥ ጎማው በቀዳዳው በኩል አብጦ ይፈነዳል። ምልክቱ ቀላል ነው፦ የፈነዳው ቦታ የሚገኘው በራጂዎቹ በኩል ባለው የውስጥ ጎማ ገጽ ላይ ነው፣ አስፋልቱን በሚያየው በኩል አይደለም። የጨርቅ ቀበቶ ግዛ።

ንፋሱን ቀንስ፦ ፊት 80፣ ኋላ 85 ፒኤስአይ (የጎማ ግፊት መለኪያ) ይበቃሃል። ጠዋት ጠርዙ ላይ 10 ዲግሪ ሆኖ ታች 35 ሲደርስ፣ 95 የሞላኸው ጎማ ፍሬን ሳትነካ 7 ፒኤስአይ ያህል ይጨምራል። የቸርኬው ግለት ከዚያ በላይ ነው።

ደጋና_ቆላ

ማርሹን በቁጥር እንየው። በ34 እና በ28 አንድ የፔዳል ዙር 2.55 ሜትር ይወስድሃል። በደቂቃ 60 ዙር ብትመታ በሰዓት 9.2 ኪሎ ሜትር ነው፤ 85 ኪሎን 7 በመቶ ዳገት በዚህ ፍጥነት ለማውጣት 160 ዋት ገደማ ያስፈልጋል፣ ያውም ከሁለት ሰዓት በላይ ሳታቋርጥ። ያን ካልቻልክ ዙሩ 50፣ ከዚያ 45 ይሆናል፤ የጉልበትህ መገጣጠሚያ የሚጎዳው ያኔ ነው። በ34 እና በ34 ግን ያው 60 ዙር 7.6 ኪሎ ሜትር ይሰጥሃል፣ 135 ዋት ያህል ይበቃዋል። የምታጣው ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው።

ስለዚህ 11 እስከ 32 ወይም 34 አስገባ። ግን የኋላው ማርሽ መቀየሪያ ክንዱ አጭር ከሆነ ብዙዎቹ 28 ወይም 30 ላይ ያበቃሉ፣ እሱም አብሮ መቀየር አለበት። የፊት ማርሻቸው 53 እና 39 የሆነ ሰዎችም ይህን እያነበቡ ከሆነ፦ 39 በ25 በ60 ዙር ከ200 ዋት በላይ ይጠይቃል። ለተወዳዳሪ ነው።

አሁን ሰዓቱ። ዕቅድህ ላይ የማልስማማው እዚህ ነው። ከፍቼ ጎሃ ጽዮን 70 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ከፍ ዝቅ ይበዛዋል። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ብትነሳ 5 ሰዓት አካባቢ ጠርዙ ላይ ነህ፣ 6 ሰዓት ድልድዩ ጋ። አቀበቱን የምትወጣው ከ6 እስከ 9 ሰዓት፣ በረሃው በሚነድበት ሰዓት ማለት ነው። ሁለተኛውን ሌሊት ጎሃ ጽዮን እደር። በሦስተኛው ቀን ንጋት ላይ ውረድ፣ 1 ሰዓት ተኩል ድልድዩን እለፍ፣ 4 ሰዓት ተኩል አካባቢ ደጀን ቁርስህን ትበላለህ። ጉልበት ከተረፈህ ማርቆስ 70 ኪሎ ሜትር ነው የሚቀረው፤ ካልተረፈህ እዚያው እደር።

የሰላሌው

ከሁሉ በፊት ጸጥታው። ይህ መስመር የሚዘጋበትና የማይኬድበት ጊዜ አለ፤ ከመነሳትህ በፊት ባለው ቀን የመስመሩን ሾፌሮች መናኸሪያ ሄደህ ጠይቅ፣ ጎሃ ጽዮን ስትደርስ ደግሞ እንደገና። «አትሂድ» ካሉህ በአውቶቡስ ጣሪያም ቢሆን አትሞክረው። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ነው።

መንገዱ ላይ የሚጥልህ ጉድጓድ አይደለም፣ እሱ ከሩቅ ይታያል። ተዳፋቱ ከሥሩ ስለሚንሸራተት አስፋልቱ ይሰነጠቃል፣ ቦታ ቦታ ላይ ይሰምጣል። ከዚያ በላይ ደግሞ ጭነት የያዘ ተሳቢ በቀስታ ሲሄድበት፣ በሙቀት የላላው አስፋልት በጎማዎቹ መሄጃ ይሰረጉድና ጎንና ጎኑ ላይ እንደ እርሻ ትልም ይቆለላል። ትልሙ ከመንገዱ ጋር ትይዩ ስለሚሄድ 25 ሚሊ ሜትር ጎማ ከገባበት መሪውን ብታዞረውም አይወጣልህም፤ ጎማው ጠርዙን እየታከከ ይሄድና ይጥልሃል። መሻገር ካለብህ ፍጥነት ቀንሰህ፣ መሪውን ሰፋ ባለ ማዕዘን አዙረህ፣ ከኮርቻው ትንሽ ብድግ ብለህ ተሻገረው። በጎን አትታከከው። ጎማህ 28 ቢሆን እመርጣለሁ፣ ፍሬንህ ሥር የሚያልፍ ከሆነ።

ኩርባዎቹ ላይ የፈሰሰ ናፍታና ዘይት ይኖራል፤ በተለይ ከጠርዙ በኩል ባሉት። ጥቁርና አብረቅራቂ ነጠብጣብ ካየህ ብስክሌቱን ሳታጋድል ቀጥ አድርገህ እለፍ። ቦቴና ተሳቢ በዝቅተኛ ማርሽ እየጮኸ ነው የሚወርደው፣ ስለዚህ አንተ ትደርስበታለህ። ከኋላው 30 ሜትር ራቅ፤ ጢሱ ብቻ ሳይሆን ከሥሩ የሚወጣውን ስንጥቅ ለማየት ጊዜ ስለማይኖርህ። ኩርባ ላይ አትቅደም። ሽቅብ ስትወጣ ደግሞ ተሳቢ ይዞ መንጠልጠል እንደ ብልጠት የሚያዩት አሉ፤ መኪናው ማርሽ ሲቀይር ወደ ኋላ ነጠቅ ይላል፣ እጅ ይወልቃል።

ድልድዩ ጥበቃ አለው፣ ቆሞ ፎቶ ማንሳት አይፈቀድም። በኬብል የተወጠረው ባለ 303 ሜትሩ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀው ነው፣ የቀድሞው ከጎኑ ይታይሃል። ወደ ጠርዙ አካባቢ ጭላዳ ካየህ ምግብ አታውጣ።

ሱሉልታ28

በጣም አመሰግናለሁ። ጎሃ ጽዮን ማደሩን ተቀብያለሁ። ጎሚስታው፣ አንድ ነገር አልገባኝም። ፍሬኑን ሳልለቅ እየነካካሁ በሰዓት 20 ብወርድ አይሻልም? ብዙ ሰው የሚመክረኝ እንደዚያ ነው።

ጎሚስታው

ይመክሩሃል፣ ግን ተሳስተዋል። በ20 ስትወርድ ነፋሱ ብዙም አያግዝህም፤ ከጠቅላላው ጉልበት ከአምስት አራት እጁ ቸርኬው ላይ ያርፋል፣ ለአንድ ሰዓት ያህል ሳያርፍ። በ45 ብትወርድ ነፋሱ ብዙውን ስለሚወስደው ለፍሬኑ የሚቀረው ግማሽ እንኳ አይሞላም። ከሁሉ የሚከፋው 35 እና 40 መካከል ሳይለቁ እየያዙ መውረድ ነው፤ በየሰኮንዱ የሚገባው ሙቀት ከፍተኛ የሚሆነው እዚያ ነው።

ስለዚህ፦ ፊትህ በሚታይበት ቀጥ ያለ ቦታ ፍሬኑን ሙሉ በሙሉ ልቀቀው፣ ቸርኬው ይተንፍስ። ኩርባው ሳይደርስ፣ ገና ቀጥ እያልክ፣ ሁለቱንም ጠበቅ አድርገህ ያዝና ፍጥነቱን አውርድ፣ ከዚያ ለቀህ ግባ። ኩርባው ውስጥ ፊተኛውን አትንካ። ፊትህ የማይታይ ከሆነ ወይም ትልሙ ካለ 45ቱን እርሳው፣ 25 ላይ ውረድ፤ ያኔ ግን በየ4 ኪሎ ሜትሩ ቁም። ቸርኬው ላይ የውሃ ጠብታ ጣል፤ ከተንጫጫ አሥር ደቂቃ ጥላ ሥር። ቁልቁለቱ ላይ ያለችው መንደር ፍልቅልቅ ላይ ደግሞ ሳትፈልግም ቁም። የካርቦን ቸርኬ ያለው ሰው ይህን መንገድ በዚህ ዓይነት ፍሬን አይውረደው።

በሶ_በጥብጥ

ውሃውን ማንም አልመለሰም። ድልድዩን ስታልፍ 3 ሊትር ይኑርህ፦ ሁለት ባለ 750 ሚሊ ሊትር ኮዳ መያዣው ላይ፣ አንድ ባለ ሊትር ተኩል የፕላስቲክ ጠርሙስ ጓዙ ውስጥ። ጠዋት ከወጣህ በሰዓት ከሦስት ሩብ ሊትር እስከ አንድ ሊትር ትጠጣለህ። ከድልድዩ ማዶ አቀበቱ ላይ ያለችው ኩራር ላይ ሱቆች አሉ፣ ግን በጠዋት ክፍት ይሆናሉ ብለህ አትመካ።

ውሃ ብቻ መጋት ግን ያሳምማል። ከፋርማሲ «ሕይወት አድን ንጥረ ነገር» የሚባለውን ሁለት ከረጢት ግዛ፣ አንዱን በአንድ ሊትር በጥብጠው። ግማሽ ከረጢት በግማሽ ሊትር ብለህ በዓይን አትገምት፤ ከበዛ ጥማቱ ይብሳል። ለምግብ በሶ ጭብጦ ነው፣ በማርና በትንሽ ዘይት ታሽቶ እንደ እንቁላል የሚያህል፤ በየ30 ደቂቃው አንድ። ቆሎ ለዳገት አይሆንም፣ እያለከለክህ ስታኝክ ትን ይልሃል። ለእረፍት አቆየው።

ደጋና_ቆላ

ካሴቱን (የኋላ ማርሾቹን ስብስብ) ከቀየርክ ሰንሰለቱ ያጥርሃል፣ ሱቅ ውስጥ ይህን የሚዘነጉ አሉ። አዲሱን ሰንሰለት በመቀየሪያው ሳታሳልፍ በፊተኛው ትልቁና በኋለኛው ትልቁ ማርሽ ላይ ጠምጥመው፣ ጫፎቹ ከተገናኙበት ቦታ ሁለት ዓይን ጨምርና ቁረጥ። ካጠረ፣ 50 እና 34ን በስህተት አንድ ላይ ስታደርጋቸው መቀየሪያውን ይገነጥለዋል። ከዚያ ትልቁ ጥርስና የላይኛዋ ትንሽ መዘውር መካከል 6 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት እንዲኖር ከመቀየሪያው ጀርባ ያለችውን ብሎን አስተካክል። እንጦጦን ሁለት ጊዜ ውጣበትና ሰንሰለቱ ሳይዘል መቀየሩን አረጋግጥ፤ ያልተሞከረ ማርሽ ይዞ ፍቼ መድረስ የለም።