ጄምስ ብሩስ እንግሊዛዊ ነበር ወይስ ስኮትላንዳዊ? «እንግሊዝ» በሚለው ስም ሥር ስለምናጠቃልላቸው ሦስት ሕዝቦች

የአንገረብ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጎንደር ስለገባው ተጓዥ ስለ ጄምስ ብሩስ ሳነብ አንዱ ጸሐፊ «እንግሊዛዊው»፣ ሌላው ደግሞ «ስኮትላንዳዊው» ይለዋል። ከልጅነታችን ጀምሮ ከዚያ አገር የመጣውን ሁሉ «እንግሊዝ» ስለምንል ልዩነቱን ከቁም ነገር ቆጥሬው አላውቅም ነበር። በቅርቡ ግን የአየርላንድ ተወላጅ የሆነ የሥራ ባልደረባዬን «እናንተ እንግሊዞች» ብዬ ባነጋግረው በትሕትና ቢያርመኝም ቅር መሰኘቱን ከፊቱ አነበብኩ። ለረጅም ዘመን በአንድ ዘውድ ሥር የኖሩ፣ ዛሬም በአብዛኛው አንድ ቋንቋ የሚናገሩ ሦስት ሕዝቦች፣ እንግሊዛውያን፣ ስኮትላንዳውያንና አየርላንዳውያን፣ በታሪክና በልማድ የሚለያዩት በምንድን ነው? የምታውቁ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ ከልብ ነው።

ባለ ማኅደር፦

ብሩስ ስኮትላንዳዊ ነው። በ1730 (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኪኔርድ በተባለው የአባቶቹ ርስት ተወለደ፤ የዘር ሐረጉንም በ1314 በባኖክበርን የእንግሊዝን ጦር ድል ከመታው ከንጉሥ ሮበርት ብሩስ ጋር ያገናኝ ነበር። ይሁን እንጂ በ1770 ግሽ ደርሶ የዓባይን ምንጭ ባየ ጊዜ ጽዋውን ያነሣው ለንደን ለተቀመጠው ለንጉሥ ጆርጅ ሣልሳዊ ጤና ነው። በእኔ አስተያየት የስኮትላንድ ታሪክ በዚህ አንድ ድርጊት ውስጥ ይታያል።

በ1603 ንግሥት ኤልሳቤጥ ልጅ ሳይኖራት ስትሞት የእንግሊዝን ዘውድ የወረሰው የስኮትላንድ ንጉሥ ጄምስ ነበር። ከአንድ መቶ ዓመት በኋላ፣ በ1707፣ ሁለቱ ፓርላማዎች ሲዋሐዱ ብዙ ሰው በአደባባይ ቢቃወምም ስኮትላንድ የራሷን ሕግ፣ ፍርድ ቤቶችና ፕሬስቢቴሪያን የተባለችውን (በጳጳሳት ሳይሆን በሽማግሌዎች ጉባኤ የምትመራ ፕሮቴስታንት) ቤተ ክርስቲያን በውሉ አስጠብቃ ገባች።

አየርላንድ ግን በእንዲህ ያለ ውል አልገባችም። ከ1169 ጀምሮ ኖርማን የተባሉት፣ ቀድሞ ከፈረንሳይ መጥተው እንግሊዝን የያዙት መሳፍንት ከብሪታኒያ ተሻግረው መሬት ያዙ፤ በ1366 በኪልኬኒ የወጣው ሕግ ሰፋሪዎቹ የአየርላንድን ቋንቋ እንዳይናገሩና ከአገሬው ጋር በጋብቻ እንዳይተሳሰሩ ከለከለ፤ ከ1609 በኋላም በሰሜኑ በአልስተር የካቶሊኮቹ መሬት ተወስዶ ከስኮትላንድና ከእንግሊዝ ለመጡ ፕሮቴስታንቶች ተሰጠ። በ1801 አገሪቱ በይፋ ከብሪታኒያ ጋር ስትቀላቀል የሕዝቡ አብላጫ የሆኑት ካቶሊኮች በፓርላማ መቀመጥ እንኳን አይፈቀድላቸውም ነበር። ከ1845 ጀምሮ ድንቹን በሽታ ሲያጠፋው አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አለቀ፤ ከዚያ የሚበልጥ ተሰደደ፤ በዚያው ጊዜ እህልና ከብት በመርከብ ወደ እንግሊዝ ይጫን ነበር። ባልደረባዎ ቅር የተሰኘበት ምክንያት ከዚህ የራቀ አይመስለኝም።

በኤድንብራ ነዋሪ፦

ባለ ማኅደር የጻፉት ትክክል ነው፤ ሆኖም «ስኮትላንድ» ሲባል አንድ ወጥ ሕዝብ እንዳይመስለን እሰጋለሁ። ደጋውና ቆላው በቋንቋም በኑሮም የተለያዩ ነበሩ። የደጋው ሰው የሚናገረው ጌሊክ ከአየርላንድ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው፤ «ስኮት» የሚለው ስም ራሱ በጥንቱ ላቲን የአየርላንድን ሰው የሚያመለክት ነበር። የቆላው ቋንቋ ደግሞ የእንግሊዝኛ ወንድም ነው። በ1746 በከሎደን ጦርነት፣ ከዙፋን የወረደውን የስቱዋርት ንጉሣዊ ቤት ለመመለስ ያመፀው የደጋው ጦር ሲደመሰስ ከመንግሥት ወገን ተሰልፈው የወጉት ውስጥ ስኮትላንዳውያንም ነበሩበት፤ ከዚያ በኋላ ኪልት የተባለው የደጋው ሽርጥ በሕግ ታግዶ እስከ 1782 ቆየ። ዛሬ ቆለኛውም በሠርጉ ቀን ይለብሰዋል።

በልማድ ረገድ እኔን በጣም የገረመኝ የገና ነገር ነው። የስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን በዓሉን ከመጽሐፍ ቅዱስ ውጭ ነው ብላ ስላስቀረችው እስከ 1958 ድረስ ገና በዚህ አገር የሕዝብ በዓል አልነበረም፤ ደስታው ሁሉ ሆግማኔይ ወደሚሉት ወደ ዘመን መለወጫው ዋዜማ ዞረ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ መጀመሪያ ደጃፍ የሚረግጠው እንግዳ ጠጉረ ጥቁር ወንድ ቢሆን፣ በእጁም የድንጋይ ከሰልና ዊስኪ ቢይዝ ዓመቱ መልካም ይሆናል ይላሉ። ሕጉም እንዲሁ የራሱ ነው፦ በ1754 እንግሊዝ ከ21 ዓመት በታች ያለ ሰው ያለ ወላጅ ፈቃድ እንዳያገባ ስትከለክል ጥንዶች ድንበር ተሻግረው ግሬትና ግሪን በተባለች መንደር፣ ብዙ ጊዜም በቀጥቃጭ ፊት፣ ይጋቡ ነበር።

ነርሷ ከደብሊን፦

ስለ አየርላንድ ልማድ የማውቀውን ልጨምር። እዚህ አገር ሞት የጎረቤት ሁሉ ነው። አስከሬኑ በቤት ውስጥ ይቀመጣል፤ ሰዓቱ ይቆማል፤ መስተዋቱ ይሸፈናል፤ ጎረቤት እየተፈራረቀ ሌሊቱን ያነጋል። ቀድሞ የሟቹን ዘርና ሥራ በግጥም እያነሡ የሚያለቅሱ ሴቶች ነበሩ፤ ቀሳውስቱ ቢያወግዙትም ዘመናትን ተሻገረ። ይህን ስሰማ የመጣብኝ በአገራችን ሙሾ የሚያወርዱ እናቶቻችን ድምፅ ነው፤ ከአገሬ ከወጣሁ ወዲህ ልቤን እንዲህ የነካው ነገር ጥቂት ነው።

ከእንግሊዝ ሕግ በፊት የነበረው የአየርላንዳውያን ሕግ ነፍስ ያጠፋ ሰው ለሟች ዘመዶች የደም ካሳ እንዲከፍል ያዝ ነበር፤ መብቱን የተነፈገ ሰውም በባለሥልጣኑ ደጃፍ እየጾመ ያሳፍረው ነበር። በስም አወጣጥም ከስኮትላንድ ደገኞች ጋር ዘመድ ናቸው፦ «ማክ» ማለት እንደኛ «ወልደ» ልጅ ማለት ነው፤ «ኦ» ደግሞ የልጅ ልጅ ነው። እንግሊዞቹ ብዙውን ጊዜ ከሥራ ይሰይማሉ፤ ስሚዝ ቀጥቃጭ፣ ቴይለር ልብስ ሰፊ ነው። ጠባቂያቸው ግን እንደኛው ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው፤ እነርሱ ኤፕሪል 23፣ እኛ ሚያዝያ 23 እናከብረዋለን፤ በመካከሉ ያለው የቀን ልዩነት ከአቆጣጠር የመጣ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ፤ የቀረው አየርላንድ ነፃ ሲወጣ ከብሪታኒያ ጋር በቀረችው በሰሜን አየርላንድ ራሳቸውን «ብሪታኒያዊ» የሚሉ ብዙ ሰዎች ስላሉ ሳይጠይቁ መሰየም በዚያ በኩልም ያስቀይማል።

የአንገረብ ልጅ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ነገ ባልደረባዬን በአግባቡ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። እንግዲህ በ1868 መቅደላ የዘመተውንም «የእንግሊዝ ጦር» ማለታችን ስሕተት ነው ማለት ነው?

ባለ ማኅደር፦

«የብሪታኒያ ጦር» ቢባል ይሻላል። ከወታደሮቹ አብዛኞቹ ሕንዳውያን ነበሩ፤ የመቅደላን አጥር ቀድመው ጥሰው በመግባታቸው ቪክቶሪያ ክሮስ የተባለውን የብሪታኒያ ከፍተኛ የጀግንነት ሜዳይ የተሸለሙት ሁለቱ ወታደሮች ደግሞ የአየርላንድ ተወላጆች ናቸው።