የድሮ አዳማ ፎቶዎች ትዝታ ብቻ ናቸው ወይስ ማስረጃ?

የአመዴ ልጅ፦
ሰሞኑን ግሩፑ በድሮ አዳማ ፎቶ ተጥለቅልቋል። ደስ ይላል። ግን ከእያንዳንዱ ፎቶ ስር የሚነሳው ጭቅጭቅ ያው ነው፦ ለኮሪደር ልማት የሚፈለጉት አሮጌ ሰፈሮች ይቆዩ ወይስ ይፍረሱ? የኔን አቋም ልናገር። አንድ ሰፈር ከመፍረሱ በፊት ፎቶው ከነታሪኩ ይሰብሰብ፣ ውሳኔ ሲሰጥም እንደ ማስረጃ ይታይ። ይሄ ከተማ ያደገው በባቡር ነው። ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም. ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሲደርስ አዳማ መንገዱ ላይ ነበረች፤ ገበያውም፣ ሆቴሉም፣ የጋሪ ተራውም ጣቢያውን ተከትሎ ነው የተስፋፋው። በ2009 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ደግሞ ጣቢያው ከመሃል ከተማ ወጣ ያለ ነው። እንግዲህ አሮጌው ሰፈር ለምን እዚያ ቦታ ላይ እንደተቆረቆረ ለልጆቻችን በምን እናሳያቸዋለን?

ሲቪል መሐንዲስ፦
ወንድሜ፣ ስሜትህ ይገባኛል። ግን ፎቶ ሽታ የለውም። እነዚያ የጭቃ ቤቶች ውስጥ ስንት አባወራ አንድ ሽንት ቤት እንደሚጋራ ገብተህ እየው። የእሳት አደጋ መኪና የማያስገባ መንደር ነው። ፎቶውን አይቶ "ወይ ናዝሬት!" የሚለው ሰው አብዛኛው ከሰፈሩ ከወጣ ቆይቷል፤ እዚያ የቀረው ሰው የሚፈልገው ውሃና መንገድ ነው። ቅርስ ከሆነ ደግሞ ሕግ አለው፣ አዋጅ 209/1992። ቋሚ ቅርስን ከቦታው ለማንሳት የቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል። ፎቶ ስለተነሳ ብቻ ግን የትኛውም ቤት ቅርስ አይሆንም።

የአመዴ ልጅ፦
ልክ ነህ፣ አይሆንም። ግን ቅርስ ነው ለማለት እኮ መጀመሪያ ማስረጃ ይፈለጋል። መቼ ተሠራ፣ ማን ሠራው፣ ምን አገልግሎት ሰጠ ሲባል ምን ልናቀርብ ነው? የሚያውቁት አዛውንቶች እያለፉ ነው። አልበሙ ደግሞ ቤት ሲቀየር ካርቶን ውስጥ ገብቶ ውሃ ይገባበታል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ጡረተኛ መምህር፦
ልጆቼ፣ ማስረጃ ካላችሁ ማስረጃውን በደንብ አንብቡት። ባለፈው ሳምንት የተለጠፈውን ፎቶ አስታውሱ። የሱቅ በረንዳ፣ በረንዳው ላይ የሲንጀር መኪና የያዘ ልብስ ሰፊ፣ ከፊት ለፊቱ የቆመ ጋሪ። ጀርባው ላይ በሰማያዊ ብዕር "ናዝሬት 1967" ይላል። ግማሻችሁ "የጃንሆይ ዘመን ነው" አላችሁ፣ ግማሻችሁ "የደርግ ነው" ብላችሁ ተጣላችሁ። 1967 በማን አቆጣጠር? አንድም ሰው አልጠየቀም። በፈረንጆቹ ከሆነ በእኛ 1959 ወይም 1960 ነው፤ ንጉሡ በዙፋናቸው፣ ባለቤቱም በቤቱ። በእኛ ከሆነ ደግሞ ወሩ ሳይቀር ያስፈልጋል። የትርፍ ቤት አዋጁ፣ ቁጥር 47/1967፣ የወጣው በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ነው። ከሐምሌ በኋላ ያ ቤት ትርፍ ከነበረ የመንግሥት ሆኗል፤ ኪራዩ ከመቶ ብር ካልበለጠ ለቀበሌ ገብቷል። ማን ምን አጣ፣ ማንስ መጠለያ አገኘ የሚለው ክርክራችሁ የተንጠለጠለው እዚህች ቀን ላይ ነው።

"ናዝሬት" የሚለው ጽሑፍም ብቻውን ዘመን አይቆርጥላችሁም። ከተማው በይፋ አዳማ ወደሚለው ስሙ የተመለሰው በ1992 ነው፤ እስከዚያ ድረስ በንጉሡም በደርግም በኋላም ናዝሬት እየተባለ ተጽፏል። የባቡር ድርጅቱ ስም ይሻላል። "የፍራንኮ ኢትዮጵያ" የሚል ከሆነ እ.ኤ.አ. ከ1981 በፊት ነው፤ ከዚያ ወዲህ "የኢትዮ ጅቡቲ" ተብሏል።

የቀበሌ ቤት ተከራይ፦
መምህር፣ እድሜ ይስጥልን። እኔ ግን እናንተ የምትከራከሩበት ቤት ውስጥ ነው ያለሁት። ዝናብ ሲመጣ ባልዲ የምደቅነው እኔ ነኝ፤ ቤቴ ሙዚየም ይሁንልኝ አልልም። ግን ፎቶ ምን እንደሚያደርግ ላሳያችሁ። ግቢያችን ውስጥ ያለችውን ሰርቪስ የሠራናት እኛ ነን፣ በራሳችን ቆርቆሮ። ልኬት ሲመጣ ፋይሉ ላይ የለችም ተባልን። የአማቴን የሠርግ ፎቶ አወጣሁ፤ ሙሽሮቹ ከግራር ሥር ቆመዋል፣ ከኋላቸው ሰርቪሷ ገና ምርጊቷ ሳይደርቅ ትታያለች። ያን አይተው ነው ቢያንስ ጉዳዩን እናየዋለን ያሉት። የኔ ጥያቄ ከሰፈሩ ውበት ጋር አይደለም። ከገበያው አጠገብ እንጀራ ሸጬ ነው የምኖረው። ከተማው ዳር ብትወስዱኝ ለማን ልሸጥ?

ሲቪል መሐንዲስ፦
እህቴ፣ ያነሳሽው የትክ ቦታ ጉዳይ ነው፣ እሱ ላይ ካንቺ ጋር ነኝ። ልማቱ ይቁም የሚለውን ግን አሁንም አልቀበልም። ከፎቶዎቹ ውስጥ እኔን የሳበኝ ሌላ ነገር ነው። አዳማ በተራራ የተከበበ ጎድጓዳ ሜዳ ላይ ናት፤ ክረምት ሲመጣ ከዙሪያዋ የሚወርደው ጎርፍ የሚያደርሰውን ሁላችንም እናውቃለን። አንዱ ፎቶ ላይ ልጆች የሚጫወቱበት ደረቅ ቦይ አየሁ። ዛሬ እዚያ ላይ ቤት ተሠርቷል። ውሃው ግን የድሮ መንገዱን አይረሳም። እንዲህ ያለ ፎቶ ያለው ሰው ቦታውን ለይቶ ቢለጥፍ ለዲዛይን ሥራ በጣም ይጠቅማል።

የአመዴ ልጅ፦
በቃ፣ እዚህ ጋ ተገናኝተናል ማለት ነው! ለጎርፉ ቦይ የሚያገለግል ፎቶ ለእህታችን ሰርቪስ ለምን አያገለግልም? እኔ ልማቱ ይቁም አላልኩም። ካሳና ትክ ቦታ ከመወሰኑ በፊት ነዋሪው ፎቶውንና ሰነዱን ይዞ ቀርቦ የሚደመጥበት ቀን በግልጽ ይቀጠር፣ ያመጣውም ስካን ተደርጎ ፋይሉ ላይ ይያያዝ ነው የምለው። የባቡር ጣቢያው አካባቢ ደግሞ ተጠንቶ ለቅርስ ምዝገባ ይቅረብ። ይዘገያል የሚል ካለ፣ ከፈረሰ በኋላ በይግባኝ የሚባክነውንም ጊዜ አብሮ ያስላ። እናንተም ስትለጥፉ አቆጣጠሩን፣ ቦታውንና የሚታየውን ሰው ከነማንነቱ ጻፉ፤ በሕይወት ያለ ከሆነ መጀመሪያ አስፈቅዱት።

ጡረተኛ መምህር፦
ጀርባውንም አብራችሁ አንሱት። እዚህ ግሩፕ ውስጥ የሚለጠፈው ፊቱ ብቻ ነው፣ ጽሑፉና የፎቶ ቤቱ ማኅተም ያለው ግን ከጀርባ ነው።